አዳራሹ ሞልቶ ማመልከቻው ለምን ይጠፋል? በግቢ ውስጥ የስኮላርሺፕ ገለጻ የማዘጋጃ ዝርዝር መመሪያ

አራት ኪሎም ይሁን አምስት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ፣ ስለ ውጭ አገር ትምህርት ገለጻ አለ ከተባለ አዳራሽ ይሞላል። ሰው ቆሞ ይሰማል፣ ስላይዱን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። የቴሌግራም ግሩፑም በአንድ ማታ ይሞላል። ከሦስት ወር በኋላ «ማን አመለከተ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ግሩፑ ጭጭ ይላል።

እኔ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ገለጻ የተጠናቀቀው በዚሁ መልኩ ነው። ወንበር ጠፍቶ መስኮት ላይ የተቀመጡ ልጆች ነበሩ። ስለ ስድስት አገር አወራን፣ ተጨበጨበልን። በመጨረሻ ያመለከተው አንድ ልጅ ብቻ ሆነ፤ እሱም ከእኛ በፊት የወሰነ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ባገኘኋቸው ቁጥር ጠየቅኋቸው። ፍላጎት ያጣ አንድም አልነበረም። አንዷ ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) እንዴት እንደሚወጣ አታውቅም። አንዱ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ ዘግይቷል። ሌላው ፓስፖርት የለውም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያሳየው ተማሪው ከክፍሉ ሲወጣ አንድ ሥራ ጀምሮ እንዲወጣ ማድረግን ነው። አገሩን ሰው በራሱ ይመኘዋል። እናንተ ወረቀቱንና ቀኑን አምጡለት።

## የሚያስፈልጋችሁ

አራት ሳምንት ጊዜ፣ ሦስት ወይም አራት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ደብተር። ባነርና ቲሸርት አያስፈልግም። ገንዘብ ካላችሁ ፎቶ ኮፒ ላይ አውሉት።

ከአራቱ አንዱ ሰው ሥራው መረጃ ማጣራት ብቻ ይሁን። ይህን ሰው መድረክ ላይ አታውጡት፣ ፖስተር እንዲለጥፍም አትላኩት። ከሁሉም የሚከብደው ሥራ የእሱ ነው።

## ደረጃ 1፦ ለማን እንደምትናገሩ ወስኑ

«ለሁሉም ተማሪ ክፍት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ፍሬሽ ተማሪና ጂሲ (ዘንድሮ የሚመረቅ) አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ግማሹ ሰው የማይመለከተውን ነገር ነው የሚሰማው።

ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ አብዛኛው የሚፈልገው ማስተርስ ነው። ስለዚህ ሦስት ቡድን አስቡ።

- ጂሲዎች። ዘንድሮ ማመልከት የሚችሉት እነዚህ ናቸው።
- ከመመረቃቸው አንድ ዓመት የቀራቸው። ማመልከት አይችሉም፤ ወረቀት ማዘጋጀት ግን የሚያምርባቸው አሁን ነው።
- ተመርቀው ሥራ የያዙ። ረዳት መምህራንና ቢሮ የገቡ የቀድሞ ባቾች።

አንዱን ምረጡ። መጀመሪያችሁ ከሆነ ጂሲዎችን ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ስኮላርሺፕ ለጂሲ አታስተዋውቁ። ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሁለት ዓመት፣ ማለትም የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ጀርመኖች በዳአድ (በአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅታቸው) በኩል ለታዳጊ አገሮች የሚሰጡት ኢፖስ የሚባለው የማስተርስ ፕሮግራምም ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠይቃል። እነዚህን ለሦስተኛው ቡድን አስቀምጡ። ለጂሲ ከነገራችሁት ተስፋ ሰጥታችሁ መልሳችሁ መንጠቅ ነው የሚሆነው።

## ደረጃ 2፦ ሦስት ወይም አራት ስኮላርሺፕ ብቻ ምረጡ

ሃያ ስኮላርሺፕ የዘረዘረ ስላይድ አይቼ አውቃለሁ። ማንም ሃያውን አያስታውስም። ሦስት ይበቃል፤ አራት ከሆነ መጨረሻው ነው።

የአጣሪው ሰው ሥራ እዚህ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ስኮላርሺፕ የሚከተለውን በቅደም ተከተል ያድርግ።

1. የሰጪውን ዋና ድረ ገጽ ይክፈት። ቴሌግራም ቻናልና የዩቲዩብ ቪዲዮ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆኑም።
2. ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሯን በዓይኑ ይይ።
3. የዕድሜ ገደቡን፣ ዝቅተኛውን ውጤትና የሥራ ልምዱን ይጻፍ።
4. የመጨረሻውን ቀን ከነሰዓቱና ከነሰዓት ቀጠናው ይጻፍ።
5. የማይሸፍነውን ይጻፍ። ይህን ሁሉም ሰው ይዘለዋል።
6. ገጹን ያየበትን ቀን ከታች ያስፍር። ካየው ሦስት ሳምንት ካለፈ እንደገና ይይ።

ቁጥር 2ን አቅልላችሁ አትለፉት። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ማስታወቂያ በየዓመቱ በየግሩፑ ይዘዋወራል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ልጆች ሌሊት ተቀምጠው ጽሑፍ ጽፈው፣ ቅጹ ላይ ዜግነት ሲጠየቁ አገራቸውን ያጡታል።

ቁጥር 5ም እንዲሁ። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጣል። ሰው ይህን ሰምቶ ይደሰታል። ነገር ግን የቪዛውና የትኬቱ ወጪም ከዚያው ገንዘብ ነው የሚወጣው፤ ለብቻው የትኬት ክፍያ የለም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ክፍያ የሚገባው ተማሪው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ የትኬቱን ብር አስቀድሞ ማሰብ አለበት። የሀንጋሪው ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም ትኬት አይሸፍንም፣ ወርሃዊ አበሉም አነስ ያለ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ በተቃራኒው የደርሶ መልስ ትኬት፣ ማደሪያና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት አለው። ያ አንድ ዓመት ግን በትምህርቱ ላይ የሚጨመር ነው። የሁለት ዓመት ማስተርስ ሦስት ዓመት ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሳትነግሩት የሄደ ልጅ እዚያ ሆኖ ያዝንባችኋል።

ለጂሲዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የምመርጣቸው ኢራስመስ ሙንዱስን፣ የቱርክን እና የሀንጋሪን ነው። ምክንያቴ ሁለት ነው። የመመረቂያ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ እየተማረ ማመልከት ይችላል። ቀናቸውም ይቀራረባል። የኢራስመስ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በፈረንጆች ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ይዘጋሉ፤ ሀንጋሪ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ፣ ቱርክ ብዙ ጊዜ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ነው። አንዴ የተዘጋጀ ወረቀት ለሦስቱም ያገለግላል።

## ደረጃ 3፦ ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ እኛ ቁጥር መልሱ

ከሁሉም ደረጃ ይህኛው ላይ ቁጭ ብላችሁ ሥሩ።

ቀኑ። ጃንዋሪ 15፣ 2026 ማለት ጥር 7፣ 2018 ነው። ፌብሩዋሪ 20 ማለት የካቲት 13 ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ ልጁ «ጥር 15» ብሎ በአእምሮው ይይዘዋል፤ ያኔ ስምንት ቀን አልፎታል።

ሰዓቱ። የመጨረሻው ሰዓት «12:00 ዩቲሲ» (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከጂኤምቲ ጋር አንድ ነው) ከሆነ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ብዙ ልጅ ግን 12:00 የሚለውን ሲያይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይመስለዋል። ከላይ ዘገየ ያልኳችሁ ልጅ እንዲህ ነው የሆነው። ጽሑፉን ጨርሶ፣ ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ከፈተ። ገጹ ተዘግቷል። ቼቭኒንግ በቅርብ ዓመታት የሚዘጋው በዚህ በ12:00 ሰዓት ነው።

«23:59» ያለበትም እንዲሁ ግራ ያጋባል። 23:59 በጂኤምቲ ከሆነ እዚህ ከሌሊቱ 8:59 ነው። በብራሰልስ ወይም በቡዳፔስት ሰዓት፣ በእነሱ የብርድ ወራት ከሆነ ከሌሊቱ 7:59 ነው።

ስሌቱን ለሰው አስረዱ፣ ግን የምትለጥፉት ወረቀት ላይ ሌላ ቀን ጻፉ፤ ከእውነተኛው አምስት ቀን የቀደመ «የእኛ መዝጊያ»። ከታቹ በትንሹ እውነተኛውን አስቀምጡ። በመጨረሻዋ ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ብሎ ይመልሳል። አምስቱ ቀን ለዚህ ነው።

የተወለዱበት ቀን። ቅጹ የሚጠይቀው በፈረንጅ ነው። መስከረም 5፣ 1995 የተወለደ ሰው ሴፕቴምበር 15፣ 2002 ይጽፋል። ፓስፖርት ያለው ሰው ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ይቅዳ፤ በራሱ አያስላ።

## ደረጃ 4፦ ፈቃድ ጠይቁ

ያለ ፈቃድ ክፍል ገብታችሁ መጀመር ይቻላል። መሐል ላይ ጥበቃ መጥቶ ሲያስወጣችሁ ግን ያ ሁሉ ሰው ሁለተኛ አይመለስም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። ከላይ በቀኝ ቀን፣ ከዚያ «ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት»፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦ የመማሪያ ክፍል እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ»። ሦስት ነገር ብቻ አስረዱ፤ ምን እንደምትሠሩ፣ መቼና የት እንደሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ስም። በተጨማሪ ይህን ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ «ዝግጅቱ ከክፍያ ነፃ ሲሆን ምንም ዓይነት ድርጅት ወይም ኤጀንሲ አይሳተፍበትም።» ዲኖች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ደላላ ነው። ባይጠይቁም መልሱን ቀድማችሁ ስጡ።

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት በዕለቱ ኪሳችሁ ይሁን። የተማሪዎች ኅብረቱንም አናግሩ፤ አንዳንድ ግቢ ክፍል በፍጥነት የሚገኘው በእነሱ በኩል ነው።

ከተበላሸ፦ በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ ዲኑ ጋር አትመላለሱ። ወደ ዲፓርትመንታችሁ ኃላፊ ሂዱና የዲፓርትመንት ክፍል ጠይቁ። አንድ ተራ ክፍል ለመፍቀድ ብዙ ጊዜ የእሱ ፊርማ ይበቃል።

እንግዳ ካለ የተፈቀደውን ደብዳቤ ኮፒ በዋዜማው ለበር ጥበቃዎች ስጡ። እንግዳው በር ላይ ሲንገላታ ሰዓታችሁ ያልቃል።

## ደረጃ 5፦ ክፍልና ሰዓት

እንደ ራስ መኮንን ያለ ትልቅ አዳራሽ አትመኙ። 50 ወይም 60 ሰው የሚይዝ፣ መጻፊያ ጠረጴዛ ያለው ክፍል ፈልጉ። ሰዎቹ ይጽፋሉና ጠረጴዛው የግድ ነው።

ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከቀኑ 9:30 ጥሩ ነው። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጁምዓ አለ። ከ11 ሰዓት በኋላ ካፌ እራት ይጀመራል፤ ዶርም ያለ ተማሪ ስለ ፓሪስ ብትነግሩትም እራቱን አይተውም፣ ልክም ነው። 10:45 ላይ ጨርሱ።

ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሁን። ከታኅሣሥ በኋላ ወረቀት ለማውጣት ጊዜ የለም። የአጋማሽ ፈተና ሳምንትንም ሆነ ጂሲዎች ለመውጫ ፈተና የሚዘጋጁበትን ጊዜ አትንኩ።

የሚበላ ነገር ካቀረባችሁ ቆሎና ውሃ ይበቃል። የሚጾመውንም የማይጾመውንም አያስቀይምም።

## ደረጃ 6፦ ጥሪው

ፖስተር ቦርድ ላይ ለጥፎ መቀመጥ አይሠራም። በቅደም ተከተል ይህን አድርጉ።

1. ከዕለቱ አስር ቀን በፊት የየክፍሉን ሪፕ (የተማሪዎች ተወካይ) በአካል አግኙ። መልእክቱን በክፍላቸው ግሩፕ እንዲለጥፉ ጠይቁ። በእናንተ ስም ከሚመጣ መልእክት ይልቅ ሪፑ የለጠፈው ይነበባል።
2. ከዕለቱ አራት ቀን በፊት ሌክቸር ከመጀመሩ በፊት መምህሩን አስፈቅዳችሁ ክፍል ውስጥ ተናገሩ። አንድ ደቂቃ ብቻ።
3. በዋዜማው በላይብረሪና በዶርም አካባቢ ትንሽ ወረቀት በእጅ ስጡ።

መልእክቱ ምን ይበል? «ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ዕድል! እንዳያመልጣችሁ!» አትበሉ። ደላሎቹም ቃል በቃል የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ጥሩ ተማሪ ይህን ሲያይ ዘሎት ያልፋል። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦

*«ዘንድሮ የምትመረቁ፦ ለማስተርስ ውጭ ለማመልከት የሚያስፈልጉትን ወረቀቶች ሐሙስ ከቀኑ 9:30 አብረን እንጀምራለን። ሦስት ስኮላርሺፕ፣ የሦስቱም ቀን በእኛ አቆጣጠር። እስክሪብቶና መታወቂያ ይዛችሁ ኑ። ክፍያ የለውም፤ ከኤጀንሲ ጋር አንሠራም።»*

«እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ» የሚለውን አትተውት። ሊሰማ ብቻ የሚመጣውንና ሊሠራ የሚመጣውን የሚለየው እሱ ነው።

## ደረጃ 7፦ ተናጋሪ አዘጋጁ

ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ያገኘ፣ ሌላው አመልክቶ ያላገኘ። ሁለተኛውን ለማግኘት ትቸገራላችሁ፤ ግን ፈልጉት። ያገኘው ሰው ብዙ ጊዜ ለምን እንዳገኘ አያውቅም። ያላገኘው ግን የት ጋ እንደተሳሳተ ቆጥሮ ይነግራችኋል። ባለፈው ያመጣናት ልጅ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። «ሪኮመንዴሽን (የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ) የጠየቅሁት ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ነው፤ መምህሬ ደግሞ ክፍለ ሀገር ነበሩ» ስትል ክፍሉ ውስጥ የነበረው ልጅ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጻፈ።

በዋዜማው ደውላችሁ ሦስት ጥያቄ ስጧቸው፦ መጀመሪያ ያወጣችሁት ወረቀት የቱ ነው? ስንት ቀን ፈጀ? ድጋሚ ብታመለክቱ ምን ትቀይራላችሁ? ስለ አገሩ ውበትና ስለ በረዶው እንዳያወሩ በትሕትና ንገሯቸው። ለእያንዳንዳቸው ሰባት ደቂቃ ስጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ተማሪ አምጡልን፣ በነፍስ ወከፍ ኮሚሽን እንሰጣችኋለን» የሚላችሁ ይመጣል። አትቀበሉ። አንዴ ከተቀበላችሁ ምክራችሁ ሁሉ ለሽያጭ ነው፤ ተማሪውም ይደርስበታል።

## ደረጃ 8፦ የዕለቱ ቅደም ተከተል

ከ9:30 እስከ 9:40፤ የስም ሥራ። በሰዓቱ ጀምሩ፣ 12 ሰው ብቻ ቢኖርም። ለሁሉም ባዶ ወረቀት ስጡና ሙሉ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ አስጽፏቸው፤ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬታቸው ላይ እንዳለው፣ የግቢ መታወቂያቸው ላይ እንዳለው፣ ፓስፖርት ወይም ፋይዳ ላይ እንዳለው። ከዚያ ሦስቱን ያወዳድሩ።

ይህን በሠራን ቀን ከፊት የተቀመጠ ልጅ ወረቀቱን አንስቶ አሳየን። የአባቱ ስም ዮሐንስ ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ በሁለት ኤን፣ መታወቂያው ላይ በአንድ ኤን ተጽፏል። ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ ኤቿ የለችም። ሦስት የተለያዩ ሰዎች ማለት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ልብ ብሎት አያውቅም።

ልዩነት ያገኘ ሰው ነገ ጠዋት ሬጅስትራር ይሂድ። ከመመረቅ በፊት ማስተካከል ከምረቃ በኋላ ከማስተካከል በጣም ይቀላል። ፓስፖርት ገና ያላወጣ ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ ስሙን ከትምህርት ማስረጃው ጋር አንድ አድርጎ ማስጻፍ ይችላል። ቅጽ ላይ «ፈርስት ኔም» እና «ሰርኔም» ሲባል የአባት ስም የት ይግባ የሚለው ጭቅጭቅም እዚህ ይነሳል። መልሱ አጭር ነው፤ ፓስፖርቱ እንደከፋፈለው።

ከ9:40 እስከ 10:00፤ አንዷ ወረቀት። የሦስቱን ስኮላርሺፖች መረጃ በአንድ ገጽ አባዝታችሁ አድሉ። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል፤ ግን በዋዜማው አባዙ። ፕሮጀክተር ላይ አትተማመኑ። መስመር በመስመር አንብቡና እያንዳንዱ ሰው ራሱ ብቁ መሆኑን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግ። የማይመጥነውን ይሰርዝ። አንድ ስኮላርሺፕ ብቻ የቀረው ሰው አልተጎዳም፤ የሚሠራውን አወቀ።

ከ10:00 እስከ 10:15፤ ሁለቱ ተናጋሪዎች።

ከ10:15 እስከ 10:30፤ አንድ ሥራ መጀመር። እዚህ ጋ ዝም በሉ። እያንዳንዱ ሰው ከሚከተሉት አንዱን እዚያው ይጀምር።

- ለመምህር የሚላክ የሪኮመንዴሽን ጥያቄ። የወሰዱትን ኮርስ፣ ያገኙትን ውጤት፣ የሠሩትን ፕሮጀክትና የመጨረሻውን ቀን የያዘ አጭር መልእክት።
- ለሬጅስትራር የትራንስክሪፕት ጥያቄ።
- የሲቪ የመጀመሪያ ግማሽ ገጽ።

እናንተ በጠረጴዛዎቹ መሐል ተዘዋወሩ። የሪኮመንዴሽን መልእክቱን የጻፈ ካለ ቅዳሜና እሑድ ሳይመጣ እንዲልከው አበረታቱት። መምህሩ ቢያንስ አንድ ወር ያስፈልገዋል።

ከ10:30 እስከ 10:45፤ ጥያቄ። ሰዓቱ ሲደርስ ቁረጡ። የቀረውን ማታ በቴሌግራም በአምስት በአምስት ከተከፋፈሉ በኋላ ትመልሱታላችሁ።

## የሚመጡባችሁ ጥያቄዎች

«ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው አይደል?» አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። በተጨማሪ ስኮላርሺፕ የሌለው ሰው ለቪዛ በዝግ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት) 11,904 ዩሮ ለአንድ ዓመት ማስቀመጥ እንዳለበት ከፈረንጆች ሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ተወስኗል። ይህን ሳትሸፋፍኑ ንገሩ።

«ጂፒኤዬ 3.00 ነው፣ ይበቃል?» ለጀርመን ማስላት ትችላላችሁ። ከ4.00 ላይ ጂፒኤውን ቀንሱ፣ ለ2 አካፍሉ፣ በ3 አባዙ፣ 1 ደምሩ። 3.00 እንግዲህ 2.5 ይሆናል። በጀርመን ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሻለው። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5 ወይም የተሻለ ስለሚጠይቁ 3.00 ያለው ሰው በር ላይ ደርሷል። ጂፒኤው ዝቅ ያለ ልጅ ሰው ፊት ቁጥሩን እንዲናገር አታድርጉ። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ጻፉና በራሱ ወረቀት ይሥራ።

«አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው) የግድ ነው?» እንደ ፕሮግራሙ ነው። አንዳንዶቹ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይቀበላሉ። ይህን ደብዳቤ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አብረው ይጠይቁ። ፈተናውን የሚወስድ ሰው ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት መሆኑን ይወቅ፤ ቸኩሎ ብሩን አያቃጥል።

«አንድ ሰው ፕሮሰስ አደርግልሃለሁ ብሎኛል።» ይህን ስትሰሙ ቀሪውን ጥያቄ አቁሙና በደንብ መልሱ። በገለጻችሁ ያሉት ሦስቱም ስኮላርሺፖች የማመልከቻ ክፍያ የላቸውም። ሌላ ቦታ ሕጋዊ ክፍያ አለ፤ የቋንቋ ፈተና፣ ቪዛ፣ የአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ነው። ብሩ በግለሰብ የባንክ አካውንት ወይም በግለሰብ ቴሌብር የሚጠየቅ ከሆነ ይቁም። «ዕድልህን አረጋግጫለሁ» የሚል ሰው ይዋሻል፤ ከመራጩ ኮሚቴ በቀር ማረጋገጥ የሚችል የለም።

«ሞቲቬሽን ሌተሩን በቻትጂፒቲ ላጽፈው?» ሰዋስው ለማረም ይጠቀም። ሐሳቡን ካጻፈው ግን የእሱም የጎረቤቱም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ይሆናል። ከሠፈሩ፣ ከፕሮጀክቱ፣ ከአፓረንትሺፑ አንድ ያየውን ነገር ይጻፍ። እሱን ማሽኑ አያውቀውም።

«ዋናው ዲግሪዬ አልተሰጠኝም።» የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆነ የወጪ መጋራት (መንግሥት ከሸፈነለት የትምህርት ወጪ ድርሻውን የመክፈል) ጉዳይ አለበት። ለማመልከት ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ማስረጃና ትራንስክሪፕት ይበቃል፤ ዋናው እስኪወጣ ብሎ አይቀመጥ። ሲቀበሉት ግን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ሊኖርበት ስለሚችል ከአሁኑ ይጠይቅ።

## ደረጃ 9፦ ከዕለቱ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት

ሥራችሁ የሚታየው እዚህ ነው።

1. ያንኑ ማታ ስም ያስመዘገቡትን አምስት አምስት አድርጋችሁ በትናንሽ የቴሌግራም ግሩፖች ክፈሉ። ሁለት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ማንም «አልገባኝም» አይልም። አምስት ሰው መሐል ግን ይላል።
2. በማግስቱ ለእያንዳንዱ ግሩፕ አንድ ጥያቄ ላኩ፦ «ትናንት የጀመርከውን ጨረስክ?» ሌላ ነገር አትጨምሩ።
3. በሦስተኛው ቀን ያልመለሱትን በግል ጻፉላቸው ወይም ደውሉ።

ከዚያ እስከ መዝጊያው በየሳምንቱ አንድ ቀን የሚገናኙበት ቋሚ ቦታ ስጧቸው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ይመቻል፤ ከስድስት ኪሎም ከአምስት ኪሎም በእግር ይደረሳል። ቁጭ ብለው ቅጹን አብረው ይሙሉ።

በደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አራት ሳጥን ይኑረው፦ ስም ተስተካክሏል፣ ትራንስክሪፕት፣ ሪኮመንዴሽን፣ ተልኳል።

## ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

መብራት ጠፋ። ምንም አይቀየር። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነው፣ 9:30 ላይ ብርሃን አለ። ፕሮጀክተር ቢኖር ኖሮ ብላችሁ ይቅርታ አትጠይቁ።

ስምንት ሰው ብቻ መጣ። ወንበሩን ክብ አድርጉና ጀምሩ። ከተሞላው አዳራሻችን አንድ ሰው ነበር ያመለከተው። ሌላ ጊዜ ግን ዘጠኝ ሰው ብቻ ከመጣበት ክብ ውስጥ አራት ልጆች ልከዋል።

ተናጋሪው ቀረ። ቀድማችሁ የድምፅ መልእክት አስቀርጹት። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። በስልክ ስፒከር አሰሙ።

የተሳሳተ ነገር ተናገራችሁ። እኔ አንዴ የዕድሜ ገደብ ተሳስቻለሁ። የቱርክ የማስተርስ ገደብ ከ30 ዓመት በታች ነው፤ እኔ 35 አልኩ፣ ያ የዶክትሬቱ ነው። ያንኑ ማታ በሁሉም ግሩፕ «ዛሬ እንዲህ ብያለሁ፣ ስህተት ነው፣ ትክክሉ ይህ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ልጆች እቅዳቸውን ቀየሩ። ሰው እስኪደርስበት አትጠብቁ።

መምህር ሪኮመንዴሽን እምቢ አለ ወይም ጠፋ። ተማሪው ወዲያው ሁለተኛ መምህር ይጠይቅ። በራሱ ጽፎ፣ በመምህሩ ስም ኢሜይል ከፍቶ እንዳይልክ አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ። ከታወቀ የሚሰረዘው የዘንድሮው ማመልከቻ ብቻ ላይሆን ይችላል።

አንድ ልጅ ለደላላ ከፍሎ መጣ። አትቆጡት፣ ሰው ፊትም አታንሱበት። የከፈለበትን ደረሰኝና የመልእክት ልውውጡን ፎቶ ያስቀምጥ፣ ሌላ ብር እንዳይጨምር፣ ፓስፖርቱን ሰጥቶ ከሆነ ዛሬውኑ እንዲቀበል ርዱት። ለፖሊስ ማመልከት ከፈለገ አብራችሁት ሂዱ።

ሁሉም ተመለሰባቸው። ይህ ይሆናል። ደብተሩን ክፈቱና ለእያንዳንዱ ሰው የትኛው ወረቀት እንደዘገየ ወይም እንደሳሳ እዩ። ለሚቀጥለው ዙር ሲቪውና ደብዳቤው ብቻ ነው የሚታደሰው፤ ስሙ ተስተካክሏል፣ ትራንስክሪፕቱ ወጥቷል።

## ከመመረቃችሁ በፊት

ሰኔ ሳይገባ ከመመረቃቸው አንድ ዓመት ከቀራቸው ልጆች ሁለቱን ምረጡ። ደብተሩን፣ የማኅተሙን ደብዳቤ ኮፒና የአንዷን ገጽ ፋይል ስጧቸው። የትኛው መምህር ሪኮመንዴሽን ቶሎ እንደሚጽፍ፣ ሬጅስትራር ውስጥ የትኛው መስኮት ላይ መሰለፍ እንዳለባቸው በቃል ንገሯቸው። መስከረም ላይ አንድ ጊዜ ደውላችሁ ቀኖቹን እንደ አዲስ ማጣራታቸውን ጠይቁ።